የቅጣት ውርወራ አያስቀምጥም

አርዲስ ቶልፍሰን ሠላሳ አንድ ዓመት አውቶቡስ ነድታለች። ጠዋትና ከሰዓት የትምህርት ቤት ልጆችን፣ በበረዶው ወራት ደግሞ የቴልማርክ ኮሌጅን የቅርጫት ኳስ ቡድን ታመላልስ ነበር። በከተማችን በኖርድቢ ዛሬ ልጅ ወልዶ የሚቆጣ ሰው ሁሉ በጊዜው በዚያች ትንሽ መስታወቷ ታይቶ "አንተ፣ ቁጭ በል" ተብሏል። እኔ አርባ ዓመት ፖስታ ሳድል የኖርኩ ሰው ነኝ፤ በየደጁ ያልሰማሁት ቁጣ የለም። እንደዚያች ሴት "ቁጭ በል" ግን አጥንት ውስጥ ገብቶ የሚቀር ትእዛዝ ሰምቼ አላውቅም። እንግዲህ ይህችው ሴት ናት በሰባ ስድስት ዓመቷ፣ ሐኪም በተከለላት በሁለት ሰው ሠራሽ ጉልበቶች ላይ ሆና፣ ቁጭ በዪ ብትባል አሻፈረኝ ያለችው።

ቡድናችን "አራሾቹ" ይባላል። በእኛ አዳራሽ ጨዋታው ሲጀመር ሕዝቡ ቆሞ ያጨበጭባል፤ አራሾቹ የመጀመሪያ ቅርጫታቸውን እስኪያገቡ ድረስ ማንም አይቀመጥም። ከእረፍት በኋላም እንደዚያው። ማን እንደጀመረው የሚያውቅ የለም፤ አባቶቻችንም ሲቆሙ ነው ያየናቸው። በደጉ ዘመን ነገሩ ግማሽ ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ዘንድሮ ግን ስድስት ጊዜ አሸንፈን አሥራ ሰባት ጊዜ ተሸንፈናል፤ ኳሱና ቅርጫቱ የተኳረፉ ነው የሚመስሉት። ያንን ሁሉ ጊዜ መቆም ለእኛ ዕድሜ ቀልድ አይደለም።

አርዲስ የምትቆመው ሁለተኛው ረድፍ ላይ፣ መሐል ለመሐል፣ ከደረጃው አጠገብ ነው። ቦታው በስሟ አልተጻፈም፣ ግን የእሷ መሆኑን ከፈንዲሻ ሻጯ እስከ ዳኛው ያውቃል። ባለፈው ዓመት ታዲያ ኮሌጁ ከእሷ በስተኋላ ያሉትን ሦስት ረድፎች አፍርሶ ስፖንጅ ያላቸው፣ መደገፊያቸው ላይ ስም የተጻፈባቸው ወንበሮች ተከለ። ወጪውን የቻለው ጌለን ስትራንድ ነው። ጌለን የእርሻ መሣሪያ ነግዶ የከበረ የአገራችን ልጅ ነው፤ ትልቅ ከተማ ኖሮ በስተርጅና ተመለሰ። በወጣትነቱ ለአራሾቹ ሁለት ዓመት ተጫውቷል ይባላል፤ ሲጫወት የሚያስታውሰው ሰው ግን እኛ ጠረጴዛ ላይ አልተገኘም። ወንበሩ ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ ልክ ከአርዲስ ጀርባ፣ ከደረጃው ሁለተኛ ነው። በደረጃው በኩል ያለችው ወንበር ላይ የሚስቱ የጆአን ስም ተጽፏል። ጆአን ብርዱን ፍሎሪዳ ነው የምታሳልፈው፤ ስለዚህ ወንበሯ ላይ የሚቀመጠው የጌለን ካፖርት ነው።

ጠቡ የተጀመረው ረቡዕ ዕለት ነው። ጨዋታው ተጀመረ፣ ቆምን፣ አጨበጨብን። አራሾቹ ወረወሩ፣ ሳቱ። እንደገና ወረወሩ፣ ሳቱ። በሦስተኛው ደቂቃ ክዊን ሃውግ የሚባለው ቀጭን ልጃችን ተመቶ ወደቀና ሁለት የቅጣት ውርወራ ተሰጠው። የመጀመሪያውን ሳተ፣ ሁለተኛው ገባ። ሰሌዳው ላይ አንድ ነጥብ ስትበራ አዳራሹ ሁሉ እፎይ ብሎ ዘፍ አለ። እኔም አልኩ፤ አልዋሽም፣ ወገቤ አመስግኖኛል። አርዲስ ብቻ ቆማ ቀረች።

ቆማ ቀረች ስል ሰባት ደቂቃ ማለቴ ነው። ጌለን ከኋላዋ አንገቱን ወደ ግራ አደረገ፣ ወደ ቀኝ አደረገ፣ በመጨረሻ ጎንበስ ብሎ "ሚስስ ቶልፍሰን፣ ነጥብ ገብቷል እኮ" አላት። ሳትዞር "ነጥብ ገብቷል፤ ቅርጫት አልገባም" አለችው። በአሥረኛው ደቂቃ እውነተኛው ቅርጫት ሲገባ ቀሚሷን አስተካክላ ተቀመጠች። በሃያ አንድ ነጥብ ተሸነፍን።

በማግስቱ ሐሙስ ጠዋት እንደ ወትሮው ማርሊስ ቁርስ ቤት ተሰበሰብን። የእኛ ጠረጴዛ የጥጉ ነው። ሁልጊዜ የምንጀምረው ከትናንቱ ጨዋታ ነው፤ አሰልጣኙ ለምን መከላከያውን እንዳልቀየረ፣ ያ ረጅሙ ልጅ ለምን ኳስ ሲመጣለት ትኩስ ድንች እንደያዘ ሰው እንደሚሆን፣ ዳኛው ዓይኑን ለማን እንዳከራየ። ያን ቀን ግን ይህ ሁሉ በአምስት ደቂቃ አለቀና ነገር ወደ አርዲስ ዞረ።

ነገሩን የጎተተው ዋልዶ ክቫም ነው። ዋልዶ በቆሎ ሲያመርት፣ አሳማ ሲያረባ የኖረ፣ ሚስት ሳያገባ ሰባ ስምንት ዓመት የሞላው፣ በአርዲስ ላይ ምላሱን የማይሰበስብ የልጅነት ጓደኛዋ ነው። የቅጣት ውርወራም ያው በዚያው ቅርጫት ነው የሚያልፈው፣ በዚያው ሰሌዳ ላይ ነው የሚጻፈው፤ ከገባ ገባ ነው፣ ሕዝቡ ይቀመጣል አለ። አርዲስ ቂጣዋን በስኳር ሽሮፕ እያጠቀሰች ሰማችውና እንዲህ አለችው፦

"ዕድሜህን ሙሉ ሳታገባ የኖርክ ሰውዬ፣ ስለ ማግባት ምን አገባህ?"

ማርሊስ ራሷ ከምድጃው ዞራ ሳቀች። ዋልዶም ሳቀ፤ እሱ ሲሰደብ ደስ ይለዋል። ነገሩን ግን አልለቀቀም። ሕግ ካለ የተጻፈበት ይምጣ አለ። ሌሎቹም ተከፋፈሉ፤ ግማሹ የቅጣት ውርወራ ይቆጠራል፣ ግማሹ አይቆጠርም አለ። አንዱ ደግሞ ሁለቱም ከገቡ ነው የሚቆጠረው ብሎ ሁለቱንም ወገን አናደደ። እኔ የረቡዕ ገበናዬ ስላለብኝ ቡናዬ ውስጥ አቀረቀርኩ።

"ዋልዶ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ" አለች አርዲስ። "የዛሬ አራት ዓመት በረዶ በቆሎህን ሲያወድመው ኢንሹራንስ ካሣ ሰጠህ አይደል?"

"ሰጠኝ።"

"ታዲያ ያን ዓመት ማርሊስ ቤት መጥተህ አጨድኩ አልክ?"

ዋልዶ ወደ ማርሊስ ዞረ፤ አርዲስ ቀጠለች።

"የቅጣት ውርወራ ካሣ ነው። አንዱ ስለበደለህ የሚሰጥህ። ቆመህ፣ ማንም ሳይከለክልህ፣ ሰው ሁሉ ዝም ብሎህ የምትወረውረው። ጥሩ ነው፣ ተቀበል። ግን አጨድኩ አትበል።"

ይህን ተናግራ ሳትጨርስ በሩ ተከፈተና ኮልተን ቢም ገባ። ኮልተን የኮሌጁ የስፖርት ክፍል ኃላፊ ነው፤ ሠላሳ ሦስት ዓመቱ ነው፣ ክራባት ያስራል፣ ስብሰባ ይወዳል። ክፉ ልጅ አይደለም። እጁ ላይ አንድ ወረቀት ይዟል፤ ወረቀቱ ጫፉ ላይ በላብ ረጥቧል። ጠረጴዛችን አጠገብ ቆሞ ሁላችንንም ደህና አደራችሁ አለና ለእሷ በአክብሮት ነገሩን አስረዳ። ኮሌጁ ውለታዋን እንደማይረሳ፣ ነገር ግን ወንበር የገዙ ሰዎች ማየት አልቻልንም ብለው እንዳመለከቱ፣ ስለዚህ ከቅዳሜ ጀምሮ የተሻለ ቦታ እንደተዘጋጀላት ነገራት።

"የት?" አለችው።

"አሥራ ሰባተኛው ረድፍ፣ ሚስስ ቶልፍሰን። ከግድግዳው አጠገብ። እዚያ እስከፈለጉ ድረስ ይቁሙ፤ ከኋላዎ ማንም የለም።"

"ሁለተኛው ረድፍ ላይ ብቆምስ?"

ኮልተን ወረቀቱን አየ። ነጥብ ከገባ በኋላ እዚያ ከቆመች ከአዳራሹ እንድትወጣ እንደምትጠየቅ ተጽፎ ነበር። ማንበብ አቃተው መሰለኝ ወረቀቱን ሰጣት። መነጽሯን አውጥታ ከላይ እስከ ታች አነበበችው፣ አጠፈችው፣ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

"ኮልተን" አለችው፣ "የጫማህ ክር ተፈቷል።"

ልጁ ጎንበስ ብሎ አየ። ክር የሌለው ጫማ ነው ያደረገው። ጆሮው እስኪቀላ አፍሮ ወጣ፤ በሩ ከኋላው ሲዘጋ ግን ማናችንም አልሳቅንም።

ዋልዶ ነገሩን ለማለዘብ ብሎ፣ ቅዳሜ እኮ የመጨረሻው የሜዳችን ጨዋታ ነው፣ ከባላንጣችን ከሆልምስቴድ ጋር ነው፣ አንድ ቀን ነው፣ ላይ ሆነሽ እዪው አላት። ደግሞስ ቆሞ መዋል ለማን ይጠቅማል፤ ቅርጫቱ አንቺ ስለቆምሽ አይሰፋም አለ። እሷ የቡናዋን ስኒ አዙራ አዙራ ስታበቃ ነው ያንን የነገረችን። አርባ ዓመት ሳውቃት ሰምቼው የማላውቀው ነገር ነው።

አሥራ ዘጠኝ መቶ ዘጠና አራት አራሾቹ አንድም ጊዜ ያላሸነፉበት ዓመት ነበር። ሁላችንም እናስታውሰዋለን፣ ማንም አያነሳውም። በዚያ ዓመት በአንድ የሜዳችን ጨዋታ ልክ እንደ ረቡዕ ዕለቱ ኳስ አልገባ አለ፤ አንድ የቅጣት ውርወራ ገባና ሕዝቡ ሁሉ ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ደቂቃ ሙሉ ምንም ሳይገባ ቀረ። በሳምንቱ ቡድኑን ይዛ ወደ ሌላ ከተማ ስትሄድ አንድ ልጅ ከሾፌሩ ወንበር ኋላ መጥቶ ተቀመጠ። የሚመረቅበት ዓመቱ ነበር። ለምን ዝም አልክ ብትለው፣ "ባለፈው ሳምንት ቀና ብዬ ሳይ ሁላችሁም ተቀምጣችኋል። በአንዲት ነጥብ እንደጠገባችሁ ገባኝ። ከዚያ በላይ እንደማትጠብቁብን ገባኝ" አላት።

"እኔም ተቀምጬ ነበር" አለች አርዲስ። "እኔም ከነሱ ጋር እፎይ ብዬ ተቀምጬ ነበር። ልጁ ይህን ሲለኝ መንገዱን እያየሁ ነዳሁ።"

ዋልዶ ሹካውን አስቀመጠ። እኔ አፈርኩ። ረቡዕ ዕለት ወገቤን ሳመሰግን ትዝ አለኝና ፊቴን የማደርግበት አጣሁ። አርዲስ ግን እንድናዝንላት ብላ አልነበረም የተናገረችው። ኮቷን ለበሰች፣ ኮፍያዋን አጠለቀች፣ "ሠላሳ አንድ ዓመት ተቀምጬ ሠርቼላቸዋለሁ፤ አሁን ቆሜ ነው የማየው" ብላ ወጣች።

ቅዳሜ ከሰዓት በዘጠኝ ሰዓት በረዶው በዓይን ላይ እየወረደ አዳራሹ ጢም አለ። ለሆልምስቴድ ሲሆን የማይመጣ የለም። እኔ አርዲስን በር ላይ ጠብቄ የመቀመጫ ትራሷን ያዝኩላት። ሁለተኛው ረድፍ ላይ ቦታዋ ባዶውን አፍጥጦ ነበር፤ ዋልዶ ከጎኑ ተቀምጦ እጁን አወዛወዘላት። አላየችውም፣ ወይም እንዳላየች ሆነች። እጀታውን ይዛ መውጣት ጀመረች። ጉልበቶቿ ስለማይታጠፉላት በእያንዳንዱ ደረጃ ላይ ሁለቱንም እግሮች ማሳረፍ አለባት። ሰው ወደ ጎን እያለ አሳለፈን። አንዳንዱ የሚጠይቅ ዓይን አለው፣ አንዳንዱ ነገሩን ሰምቶ ጫማውን ያያል። አሥራ ሰባተኛው ረድፍ ስንደርስ እኔ ከእሷ ይልቅ አለከለክሁ።

ኳሱ ተወረወረ። ቆመን አጨበጨብን። ሆልምስቴድ አገባ፣ ደገመ፣ ሠለሰ። ስድስት ለዜሮ ሲመሩን አርዲስ አንገቷን ዝቅ ከፍ ስታደርግ አየሁ። ምን ሆንሽ አልኳት።

"አንተ የእኛ ቅርጫት ይታይሃል?"

አየሁ። አይታይም። ከጣሪያው ሥር የሚሄደው ወፍራም ብረት ከዚያ ረድፍ ሲያዩት ልክ ቅርጫቱ ላይ ያርፋል። ተጫዋቾቹ ሲወረውሩ ይታያሉ፣ ኳሱ ሲነሳ ይታያል፣ ከዚያ ብረቱ ውጦ ያስቀረዋል። እዚያ ቦታ ሰው ተቀምጦ ስለማያውቅ ነገሩን ያስተዋለው የለም። ኮልተንም ቢሆን ሆን ብሎ እንዳላደረገው እምላለሁ።

በዚህ መሐል ፊሽካ ተነፋ። ክዊን ተመትቷል። የቅጣት ውርወራ። እሱ መስመሩ ላይ ቆሞ ኳሱን ሦስት ጊዜ አነጠረ፣ ወረወረ፤ መግባቱን ያወቅነው ሰሌዳው ሲበራ ነው። አዳራሹ ዘፍ አለ። ከላይ ሆኜ ሳየው ያ ሁሉ ሰው አንድ ጊዜ ሲያጥር፣ አርዲስ የነገረችን የዘጠና አራቱ ልጅ ምን እንዳየ ያኔ ገባኝ።

"ቅርጫቱን ካላየሁ መቼ እንደምቀመጥ በምን አውቃለሁ?" አለች። "ና፣ እንውረድ።"

ወረቀቱ ላይ እንዲህ ተብሏል ብዬ ልነግራት ሞከርኩ። ወረቀቱ እዚያ ቁሚ ይላል፣ አትራመጂ አይልም አለችኝ። ደግሞም ሁለተኛው ረድፍ ላይ አልቆምም፣ ደረጃው ላይ ነው የምሆነው አለች። ከእሷ ጋር ሕግ መከራከር ውሃ መውቀጥ ነው። ትራሷን ታቅፌ ከኋላዋ ወረድኩ፤ ሁሉም ተቀምጦ የቆምነው እኛ ብቻ ነን፤ እኔስ የቆምኩት መቀመጫ ስላልነበረኝ ነው።

መውጣቱ ያሳመማት ጉልበት መውረዱ ባሰበት። አንድ ደረጃ፣ ሁለት እግር፤ አንድ ደረጃ፣ ሁለት እግር። አሥራ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ቆም ብላ ወደ ሜዳው አየች። ክዊን ወርውሮ ሳተ። እዚያው ባዶ ቦታ ነበር፤ አንዲት ሴት "እናቴ፣ ትንሽ ይረፉ እንጂ" ብላ ጠጋ አለችላት። አርዲስ አመስግና "አልገባም እኮ ገና" አለቻት። ከዚያ በኋላ ሰዎች ጨዋታውን ትተው እኛን ማየት ጀመሩ። ዘጠነኛው ረድፍ ላይ የሆነ ሰው አጨበጨበ፤ ማን እንደሆነ አላየሁም። ሜዳው ዳር ኮልተን እጁን ክራባቱ ላይ አድርጎ ቀና ብሎ ያየናል። የምትወርደው ወደ ሁለተኛው ረድፍ መስሎት ፊቱ ነጭ ሆኗል።

ሦስተኛው ረድፍ ደርሳ አንድ እግሯን ስታሳርፍ ነው ነገሩ የሆነው። ክዊን ከጥጉ ኳስ ደረሰው፣ የሆልምስቴዱ ግዙፍ ልጅ እጁን ፊቱ ላይ ዘርግቶበት ወረወረ፣ ኳሱ የቅርጫቱን ቀለበት እንኳ ሳይነካ ገባ። ስምንተኛው ደቂቃ ነበር። አዳራሹ ጮኸ።

አርዲስ ዙሪያዋን አየች። ከጎኗ የጆአን ስትራንድ ወንበር፣ ላዩ ላይ የጌለን ካፖርት። ካፖርቱን በጥንቃቄ አነሳች፣ አጠፈች፣ ለባለቤቱ ጭኑ ላይ አስቀመጠችለት፣ ተቀመጠች።

ጌለን ካፖርቱን ታቀፈ። "ይህ የባለቤቴ ወንበር ነው" አላት።

"ስትመጣ እነሳላታለሁ።"

ኮልተን ሁለት ሁለት ደረጃ እየዘለለ ደረሰ። ሚስስ ቶልፍሰን ብሎ ጀመረ። አርዲስ ቦርሳዋን ከፍታ ወረቀቱን ዘረጋችለት፤ ነጥብ ከገባ በኋላ ተቀመጪ ነው የሚለው፣ ይኸው ተቀምጫለሁ አለችው። ልጁ ወደ ጌለን አየ። ጌለን ደግሞ በዙሪያው የሚያዩትን ሁለት መቶ ዓይኖች አየና በጥርሱ መሐል "ለጊዜው ትሁን" አለ። እኔ ደረጃው ላይ፣ ከእግሯ ሥር፣ በራሷ ትራስ ላይ ተቀመጥኩ። 

በእረፍቱ ሰው ፈንዲሻ ሊገዛ ሲነሳ ጌለን አልተነሳም። ካፖርቱን እጥፍ ዘርጋ ሲያደርግ ቆይቶ፣ ወደ ሜዳው እያየ ነበር የተናገረው።

"የቅጣት ውርወራ አይቆጠርም ብለሻል አሉ፤ ማርሊስ ቤት።"

"ይቆጠራል። አያስቀምጥም ነው ያልኩት።"

"ሁለት ዓመት ለዚህ ቡድን ተጫውቻለሁ" አለ። "ዘጠኝ ነጥብ አለኝ። ዘጠኙም የቅጣት ውርወራ ነው።"

 እኔም ያኔ ነው ያ ሁሉ የአንገት ማጠማዘዝ ለምን እንደነበር የገባኝ። ጌለን ቀጠለ። በአሥራ ዘጠኝ መቶ ሰባ ሦስት፣ የካቲት ውስጥ፣ አንድ ቅዳሜ ነበር አለ። ዋናው ተጫዋች ጆሮ ደግፍ ይዞት በእሱ ቦታ ገባ። የመጀመሪያውን ነጥብ ያስቆጠረው እሱ ነው፣ በቅጣት ውርወራ። ያን ጊዜ አዳራሹ ሁሉ ተቀመጠ።

"አባቴ አምስተኛው ረድፍ ላይ ነበር። ሲቀመጥ አየሁት። ይህን ሁሉ ሰው እኔ አስቀመጥኩት ብዬ አሰብኩ። በሕይወቴ ብዙ ነገር ሠርቻለሁ፤ እንደዚያ ደስ ያለኝ ቀን ግን የለም።" ከዚያ ዞሮ አያት። "ያን ቀን ነበርሽ?"

"ነበርኩ።"

"ተቀመጥሽ?"

ሰው ለሰው የሚያዝን ከሆነ እዚህ ላይ ነው የሚያዝንለት። ሌላ ሰው ቢሆን እጁን ያዝ አድርጎ አንድ ለስላሳ ነገር ይለው ነበር። አርዲስ አሰበች፤ ስታስብ ግንባሯ ይሸበሸባል።

"ተቀምጫለሁ" አለችው። "ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ምንም የማላውቅ ልጅ ነበርኩ።"

ጌለን አፈጠጠባት። ሊቆጣ ነው ብዬ ትራሱን ጨበጥኩ። እሱ ግን ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ሲስቅ ድምፅ የለውም። ዓይኑን በካፖርቱ እጅጌ ጠረገ፤ ሳቁ ይሁን ሌላ፣ እኔ አልጠየቅኩም። "እናቴም ልክ እንዳንቺ ነበረች፤ እሷንም የሚያሸንፋት አልነበረም" አለ።

ሁለተኛው አጋማሽ ተጀመረ። ሁሉም ቆመ፣ ሁሉም አጨበጨበ፤ ዋልዶ ከፊታችን ዞሮ ዞሮ ያየናል፣ ምን እንደተፈጠረ ለማወቅ ቋምጧል። አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ፊሽካ። ክዊን ወለሉ ላይ። የቅጣት ውርወራ።

ኳሱን ሦስት ጊዜ አነጠረ፣ ወረወረ፣ ገባ።

ከሁሉም ቀድሞ የተቀመጠው ጌለን ስትራንድ ነው። ወንበሩ እስኪንቋቋ፣ በሙሉ ክብደቱ፣ ካፖርቱን ታቅፎ ተቀመጠ። አዳራሹ ተከተለው። አርዲስ ከጎኑ ቆማ ቀረች፤ ማጨብጨቧንም አላቆመችም። እኔም ከደረጃው ላይ ተነሳሁ። በዚህ ጊዜ ማንም አላስነሳኝም፤ ወገቤም የሚለውን ይበል አልኩ።

አምስተኛው ረድፍ ላይ ካሉት ባለ ወንበሮች አንዱ "ሴትዮ፣ ነጥብ ገብቷል፣ ተቀመጪልን እንጂ" አለ። ጌለን ዞረ።

"ትክክል ነህ፣ የቅጣት ውርወራ ይቆጠራል" አለው። "ተሳስታለች። ግን እሷን ተቀመጪ የሚል ሰው ካለ መጀመሪያ ከእኔ ጋር ይነጋገር።"

ሰውየው ወደ ፈንዲሻው ዞረ።

"አልተሳሳትኩም" አለች አርዲስ፣ ዓይኗን ከሜዳው ሳትነቅል።

"ተሳስተሻል" አለ ጌለን ከወንበሩ።

ክዊን ሃውግ ወደ መከላከያው ሲመለስ ላቡን በትከሻው ጠረገና ቀና ብሎ ወደ ሕዝቡ፣ ቆመን ወደቀረነው ወደ ሁለታችን አየ። አየሁት ሲያይ። ቅርጫቱ የገባው ከዚያ በኋላ አምስት ደቂቃ ቆይቶ ነው።